መንገዱ በሰው ቡና ውስጥ ያልፋል

ቴሌግራም ላይ «ሃይኪንግ» ብላችሁ ፈልጉ። የሚመጣው የግሩፕ ብዛት ለጉድ ነው። አንዱ እሁድ ወንጪ ይሄዳል፣ ሌላው ዝቋላ፣ ሌላው መናገሻ ሱባ። መነሻ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ቁርስና ምሳ ያካተተ፣ ፎቶ አንሺ ያለው፣ ቲሸርት በነጻ። ድሮ ያለ ጉዳይ ተራራ መውጣት የፈረንጅ ሥራ ነበር። የኛ ሰው ተራራ የሚወጣው ለንግሥ፣ ለጸበል፣ ለከብት ወይም ለማገዶ ነው። ዛሬ የባንክ ሠራተኛውና ነርሷ ሳምንቱን ሙሉ ሲለፉ ሰንብተው እሁድ ዳገት ለመውጣት ገንዘብ ይከፍላሉ። ወላጆች መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው ነበር። አሁን ለምደውታል፤ አንዳንዶቹም ስኒከር ገዝተው አብረው መውጣት ጀምረዋል።

ነገሩ ጅማም ደርሷል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጅሬን ጉብታ መውጣት ከድሮም ያውቁበታል። አሁን የጨመሩት ከአዲስ አበባ በአውቶብስ መጥተው፣ ሁለት ሌሊት አድረው የሚመለሱት ናቸው። ይህ ለከተማችን ደስ የሚል ነው። አልጋ ይያዛል፣ ማር ይሸጣል፣ ባጃጁም ይሠራል። ግን አንድ ነገር ሳይነሳ እየታለፈ ነው። ጅማ ዙሪያ ያለው የእግር መንገድ እንደ ብሔራዊ ፓርክ መንገድ አይደለም። በር የለውም፣ ቲኬት የለውም፣ ስካውት የሚባለው የፓርክ ጠባቂም የለውም። አብዛኛው የሚያልፈው በሰው ቡና ውስጥ ነው። ባለቤቱን ማን አናገረው?

ለምን ጅማ፣ ለምን አሁን

ለረጅም ጊዜ የኢትዮጵያ ተራራ ጉዞ ማለት የሰሜን ተራሮች ማለት ነበር። ዩኔስኮ ፓርኩን የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ከላሊበላ ጋር በአንድ ዓመት። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ። እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ እዚያ ቆይቶ ወጣ። ወጣ ተብሎ ደስታው ሳይበርድ ኮቪድ መጣ። ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት። እሱ በረደ ሲባል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭቱ ተነሳ። የውጭ መንግሥታት ዜጎቻቸውን ወደዚያ አትሂዱ ብለው አስጠነቀቁ። የፓርኩ መነሻ በሆነችው ደባርቅ ላይ በበቅሎ ኪራይ፣ በምግብ አብሳይነት፣ በአስጎብኚነት፣ ጠመንጃ አንግቶ ስካውት በመሆን የሚያድር ቤተሰብ ብዙ ነው። የሃይኪንግ ወሬ ሲወራ ቅድሚያ ሊነሱ የሚገባቸው እነሱ ነበሩ፤ ፖስተር ላይ ግን ቦታ የላቸውም።

በሌላ በኩል ባሌ ከፍ ብሏል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኗል፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም አብሮ ተመዝግቧል። ሳነቴ አምባ፣ 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ፣ ቀይ ቀበሮ። በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ 500 እንደማይሞላ እያወቁ አንዱን ከሩቅ አይጥ ሲያድን ማየት ሌላ ስሜት አለው። ግን ባሌ ሩቅ ነው፣ ብርዱም ለጀማሪ አይቻልም። ለእሁድ አይሆንም።

አፋርም ሌላ ጣጣ ገጥሞታል። ኤርታሌ ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ገንፍሎ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ ሰው ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቀው ኃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም እስከ ሕንድ ሄደ፤ አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ። ከዚያ በፊት በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ ለወራት መሬት ሲንቀጠቀጥ ከርሟል። እሳተ ገሞራ ማየት የሚወድ አለ። «ልጄ የት ነው የሄደው?» የምትል እናት ግን ዜናውን ሰምታለች።

በዚህ ላይ ኪስ አለ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶን ተሻገረ። ከውጭ የሚመጣ ቴንት፣ የተራራ ጫማ፣ የዝናብ ጃኬት ሁሉ ዋጋው አብሮ ወጣ። አብዛኛው ወጣት የሚጫማው የተራራ ጫማ የሳልቫጅ ነው። አያሳፍርም። እንዲያውም አንዳንዱ ሳልቫጅ ከአዲሱ ይበልጣል። የነዳጅ ዋጋ ሲጨምርም የአውቶብሱ ኪራይ ይጨምራል። ስለዚህ ቡድኖቹ አጭር፣ ቅርብና ርካሽ ጉዞ ፈለጉ። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መከፈቱ ብዙ ከተሜን ከቤቱ አውጥቷል። ወንጪን ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ ሲመርጣት እሁድ እሁድ ሰው ሞላት። ወንጪን አስር ጊዜ ያየ ሰው ታዲያ አዲስ ቦታ ይፈልጋል። ዓይኑን ወደ ደቡብ ምዕራብ ማድረጉ አይቀርም። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ አውሮፕላንም አለ። አረንጓዴ ናት። ፎቶ ላይም ታምራለች።

ጅማ ምን አላት

ጅሬን ከከተማው መሃል ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ1870 እስከ 1924 ዓ.ም. የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ያሠሩት ቤተ መንግሥት ጉብታው ላይ ነው ያለው። ለዓመታት እንጨቱ ሲበሰብስ፣ ጣሪያው ሲያፈስ አይተን አዝነናል። በቅርቡ ታድሷል። ባጃጅ ይወስዳል፣ ግን በጠዋት በእግር መውጣት ሌላ ነው። ጉሙ ከታች ሜዳው ላይ ተኝቶ ከተማው ቀስ እያለ ይገለጣል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም። ችግሩ ግማሹን መንገድ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋችሁ ነው የምትሄዱት።

ቦዬ አለ። ከተማው አፍንጫ ሥር ያለ ረግረግ ነው፤ ወፍ ለሚወድ ገነት ነው። ጉማሬም አለበት። ጉማሬ ሲመሽ ወደ ሳር ይወጣል፤ በሱና በውሃው መካከል የገባ ሰው ላይ ደግሞ ርኅራኄ የለውም። ፀሐይ ስትጠልቅ ለፎቶ ዳር ዳር የሚሉ ልጆችን ሳይ ይጨንቀኛል።

ረጅም ጉዞ ለሚፈልግ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ፣ ሸቤ ሰንቦ ወረዳ ላይ «በለጠ» የሚባለው ደን ይጀምራል። ከጌራ ደን ጋር ተያይዞ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። ወደ ላይ መውጣት ለሚሻ ማይጉዶ አለ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። መንገዱን ቀጥሎ የሚሄድ ቦንጋ ይደርሳል። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ የተመዘገበ ነው።

ቦር ተራራን ግን ለይቼ ላንሳው። የጅማ ጎረቤት የሆነው የየም ሕዝብ በየዓመቱ ጥቅምት 17 ቀን ወደ ቦር ወጥቶ የባህል መድኃኒት ይለቅማል። ሳሞ ኤታ ይባላል። ሽማግሌው፣ ልጁ፣ ሴቱ፣ ወንዱ ዳገቱን ይወጣል፤ ቅጠሉን፣ ሥሩን፣ ልጡን አውቆ ይለቅማል፤ ለዓመት የሚሆነውን ይዞ ይወርዳል። የትኛው ተክል መቼ እንደሚነካ፣ ምን ያህል እንደሚወሰድ ሥርዓት አለው። ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ቀን ተራራ ላይ ወጥቶ ጠብ የማይነሳው ለዚህ ነው። ማን እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚገባና ምን እንደሚወስድ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሃይኪንጋችን የጎደለው ይኸው ነው።

ደን የሚመስለው ማሳ

ከአስፋልቱ ወርዳችሁ ትንሽ ስትሄዱ መንገዱ ይጠባል። አፈሩ ቀይ ነው፤ ዝናብ የነካው ቀን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራና ሰሳ ጥላቸውን ጥለዋል። ጉሬዛው ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ሲዘል ጭራው ነጭ ሆኖ ይታያል። ዛፉ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ከተማ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ «ጫካ ገባን» ይላል፤ ስልኩን ያወጣል።

ዝቅ ብላችሁ መሬቱን እዩት። ቁጥቋጦ የለም፣ አረም የለም። ተመንጥሯል። ዝም ብሎ የተመነጠረ አይደለም፤ ባለቤቱ ከለቀማ በፊት ቀጥሮ ወይም ከልጆቹ ጋር ሆኖ በቆንጨራ ያጸዳው ነው። ቡናውን ለመልቀም እንዲመች፣ ከዛፉ የረገፈው ፍሬም እንዲታይ ነው። መሬት የወደቀው ደርቆ ጀንፈል ሆኖ ይሸጣል። እንግዳው ጫካ ያለው ነገር ለሰውየው ማሳ ነው። የቱ እግር ቡና አምና ጥሩ እንደሰጠ፣ የቱ እንደታመመ፣ ከየትኛው ሰሳ ወዲህ የሱ፣ ወዲያ የወንድሙ እንደሆነ ያውቃል። አጥር የለውም፤ ድንበር ግን አለው።

እንግዲህ አስቡት። ኅዳር ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ለሃይኪንግ አሪፍ ጊዜ ነው። ለቡናም ዋናው የለቀማ ጊዜ ነው። 60 ሰው ተሰልፎ በዚያ መሬት ላይ ያልፋል። የረገፈውን ይረግጣል፣ ቅርንጫፉን ይገፋል። ቀይ እሸት ሲያይ አንድ እፍኝ ይቀጥፋል፤ ለፎቶ ያምራል፣ ሲመጥጡትም ይጣፍጣል። አንድ እፍኝ ምንም አይደለም። 60 እፍኝ ግን ኪሎ ነው። ኪሎው ደግሞ ዛሬ ገንዘብ ነው። የካቲት 2017 ዓ.ም. አካባቢ የዓለም ገበያ ላይ የአረቢካ ዋጋ በፓውንድ ከአራት ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር፤ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሀገሪቱም በ2017 በጀት ዓመት ከቡና 2.65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አግኝታለች። ዋጋ ሲወጣ ሌባም ይበዛል። ገበሬው በለቀማ ሰሞን ሌሊት ቡናው ውስጥ የሚያድረው፣ ዘበኛ የሚቀጥረው ለዚህ ነው። በዚህ ሰሞን ትልቅ ቦርሳ አዝሎ በሰው ቡና ውስጥ የተገኘ ሰው ሌባ ካልተባለ ዕድለኛ ነው።

«ምን አለበት፣ መንገድ እኮ ነው» የሚል አለ። እውነት ነው፣ መንገድ ነው። ገበያ የሚሄድ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ያልፍበታል፤ ማንም አይከለክለውም። ግን እነዚህ ሰዎች ይታወቃሉ። የማን ልጅ እንደሆኑ ይታወቃል። ሲያልፉ ሰላም ይላሉ፣ ለቀማ ላይ ያለውን «በርታ» ይላሉ። ጥፋት ቢያጠፉ ሽማግሌ ፊት ይቀርባሉ። የአውቶብሱ ሰው ከሰዓት በኋላ የለም። መንደሩ ላይ የመተላለፍ ወግ እንጂ የመሰለፍ ወግ የለም። እንደኔ አመለካከት የጠቡ ሥር ይህ ነው፤ ገበሬው እንግዳ ስለሚጠላ አይደለም። ጅማ እንግዳ ሲመጣ ቡና ሳያፈላ አይሸኝም።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ተመንጥሮ የለማ ቡና ገበያዬ አይገባም የሚል ሕግ አውጥቷል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፣ ዝግጅቱ ግን ቀጥሏል። በዚህ ሕግ የቡና ማሳ በጂፒኤስ መለካትና መመዝገብ አለበት። ማለትም የማሳው ድንበር በሳተላይት ነጥብ ሊታወቅ ነው። በማሳው መሃል የምታልፈው የእግር መንገድ ግን የማን እንደሆነች የሚናገር አንድ ወረቀት የለም። እዚያው ማሳው እየተለካ እያለ መንገዷንም መመዝገብ ያን ያህል ከባድ አልነበረም። ለኪው እኮ ራሱ የሚሄደው በእሷ ነው።

ደብዳቤውና አስተባባሪው

አስተባባሪዎቹን ለመውቀስ አልተነሳሁም። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፣ ሌላ ሥራ አላቸው። አውቶብስ ይከራያሉ፣ ምግብ ያዛሉ፣ ሰው ሲቀርባቸው ከኪሳቸው ይሞላሉ። ትርፉ ብዙ አይደለም። «ለገበሬውም ክፈል» ሲባሉ የትኛውን ገበሬ ብለው ቢጠይቁ እውነታቸውን ነው። አንድ የግማሽ ቀን መንገድ የብዙ ሰው ማሳ ያቋርጣል። ሁሉንም ማናገር አይቻልም።

ስለዚህ የሚያደርጉት ቀላሉን ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያጽፋሉ። ማኅተም ያለበት፣ «ትብብር እንዲደረግላቸው» የሚል። ደብዳቤው ለሚሊሻና ለቀበሌ ይጠቅማል፤ ኬላ ላይ ያሳልፋል። ቡናው ውስጥ ግን ዋጋ የለውም። ባለቤቱ ደብዳቤውን ቢያነብም እሱን አልጠየቀውም፣ ለእሱ የሚለው ነገርም የለውም። ማኅተም ለመንግሥት ነው፤ ለጎረቤት ሰላምታ ነው።

ሰላምታ ካነሳን ቋንቋም አለ። ጅማ ከተማ ውስጥ አማርኛ ያግባባል። ገጠር ስትወጡ አፋን ኦሮሞ ነው። አፋን ኦሮሞ የሚችል አንድ ሰው እንኳ ሳይዝ 50 ሰው ይዞ ማሳ የሚገባ ቡድን አለ። አንድ አዛውንት ከፊት ቆመው ሲጠይቁ የሚመልስ ይጠፋል፤ ሁሉም ፈገግ ይላል። ለአዛውንቱ ያ ፈገግታ ንቀት ነው የሚመስላቸው። ከዚያ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ይሄዳል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከጎናችሁ ነው፤ የቀበሌውን ልጅ ተማሪ ፈልጋችሁ ብትይዙ ሥራም ይሆነዋል፣ ከአባቱም ጋር ያስተዋውቃችኋል።

ቆሻሻውን በአጭሩ ልለፈው። ባዶ ሃይላንድ ብዙ አይቆይም፤ ልጆች ይሽቀዳደሙበታል፣ ዘይት ይቀዳበታል። የሚቀረው የብስኩት ልጣጭ፣ ሶፍትና ፌስታል ነው። ስስ ፌስታል በ2017 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ተከልክሏል። ጫካ ውስጥ ግን አዋጅ የሚያስከብር የለም። በላም ሆድ ውስጥ ያለ ፌስታል ያየ ገበሬ ደግሞ የሚቀጥለውን ቡድን በደስታ አይቀበልም።

እዚያው ቅርብ ያለው መፍትሔ

የሚገርመው፣ መፍትሔውን ለመፈለግ ውጭ ሀገር መሄድ አያስፈልግም። ምዕራብ አርሲ አዳባና ዶዶላ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በጀርመኖች ድጋፍ የተጀመረ ጉዞ ነበር። ደኑን እንዲጠብቁ የተደራጁ ነዋሪዎች፣ የፈረስ አከራዮችና አስጎብኚዎች ተራ ይዘው ይሠሩ ነበር። ተራራው ላይ ትንንሽ ማደሪያዎች ተሠርተው እንግዳው ከአንዱ ወደ አንዱ በፈረስ ወይም በእግር ይሄዳል። ወሎ መቄት ላይም ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተስፋ የሚባለው ሥራ ገበሬው ራሱ በሠራው ጎጆ እንግዳ እያሳደረ፣ ገቢውም ለቀበሌው እየሆነ ዓመታት ሄዷል። ሁለቱም ፍጹም አልነበሩም። ጸጥታ ሲደፈርስ እንግዳ ይቀራል፤ እንግዳ ሲቀር የተሠራው ቤት ይፈርሳል። ግን የመንገዱ ባለቤት ማን ነው የሚለውን ጥያቄ መልሰውታል።

በለጠ ጌራም ባዶ እጁን አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጃፓኑ የልማት ድርጅት በጃይካ ድጋፍ አሳታፊ የደን አስተዳደር ተሞክሯል። የደን አስተዳደር ማኅበራት ተቋቋሙ፤ በኦሮምኛ ምሕጻሩ ዋቡብ ይባላሉ። ነዋሪው ደኑን ይጠብቃል፣ በምላሹ የጫካ ቡናውንና ማሩን የመጠቀም መብቱ ይታወቅለታል። ከመንግሥት ወገን ውሉን የሚይዘው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው። የጫካ ቡናቸውም ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት አግኝቶ በተሻለ ዋጋ ሊሸጥ በቅቷል። ማለትም አስተባባሪው «የትኛውን ገበሬ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጥ አካል ቢያንስ በደኑ ክፍል አለ። ብዙ ማሳ ያለውን መንገድ ወክሎ ሊነጋገር ይችላል። የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራትም በየወረዳው አሉ፤ ጎማም፣ ማናም፣ ሊሙም። ደን ውስጥ ዋቡብ፣ ማሳ ላይ ኅብረት ሥራ ማኅበር ብሎ መጀመር ይቻላል።

ዝናብ፣ ጨለማና ጉንዳን

የደኅንነቱ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ዋና ዋናውን ብቻ ልበል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ክረምቱ ሰኔ ጠብቆ አይገባም፤ ከመጋቢት ጀምሮ ይዘንባል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ማንም አይረሳውም። ናዳው ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ከሞቱት ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ጎረቤቶቻቸውን ሊያወጡ የሮጡ ናቸው። ዝናብ የጠገበ ዳገት ሥር 50 ሰው ይዞ ምሳ መብላት ቀልድ አይደለም። በሐምሌ ጅማ ላይ ገደል ሥር የሚያሳልፍ ጉዞ የሚያስተዋውቅ ቡድን ካያችሁ ገንዘባችሁን አስመልሱ።

ጫካ ውስጥ ቶሎ ይመሻል። ከተማ 12 ሰዓት ላይ ብርሃን ካለ ከዛፍ ሥር 11 ሰዓት ላይ እግራችሁን አታዩም። ጉንዳን ያለበት መንገድ ላይ መቆም የለም። ሰልፉን ካያችሁ ረገጥ ረገጥ አድርጋችሁ ማለፍ ነው፤ የሱሪ ጫፍ ካልሲ ውስጥ መክተት ደግሞ የሀገሬው ዘዴ ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው በቃሬዛ አስፋልት እስኪደርስ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ የደቡብ ምዕራቡ ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታልም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ግን አምቡላንስ ቡና ውስጥ አይገባም። ቃሬዛውን የሚሸከሙት እነዚያው ሳንጠይቃቸው ያለፍናቸው ገበሬዎች ናቸው።

ከጥር በኋላ

ለቀማው ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ይቀልላል። ጥርና የካቲት ላይ ማሳው ያርፋል፣ መንገዱ ደርቋል። ጉዞ ማድረግ ያለብን ያኔ ነው። የበልጉ ዝናብ እንደነካው ደግሞ ቡናው ነጭ አበባ ያወጣል፤ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። አበባው ሲነካ ይረግፋል፣ የረገፈ አበባ ደግሞ ፍሬ አይሆንም፤ ስለዚህ ያን ሰሞን በሰፊው መንገድ ብቻ ነው መሄድ። በጥቅምትና በኅዳር መምጣት የግድ ከሆነ ተጋብዞ፣ ቅርጫት ይዞ፣ ሲለቅሙ አብሮ እየለቀሙ መዋል ይቻላል። ብዙ ከተሜ ለዚህ በደስታ የሚከፍል ይመስለኛል። ገበሬውም ለቃሚ አጥሮት በሚቸገርበት ወቅት ነው፤ የከተሜ እጅ ቀርፋፋ ቢሆንም።

ስምምነቱ ውስጥ ምን ይግባ? እኔ ብጠየቅ፦ በአንድ ጊዜ ከ20 ሰው ያልበለጠ፣ ከመንደሩ የተመረጠ መሪ ከፊትና ከኋላ፣ ለማኅበሩ በደረሰኝ የሚከፈል የነፍስ ወከፍ ገንዘብ። አንድ ሰው 100 ብር ቢጨምር 20 ሰው 2,000 ብር ይሆናል። ለአውቶብሱ ተሳፋሪ የአንድ ምሳ ዋጋ እንኳ አይሞላም። ለማኅበሩ ግን በየሳምንቱ ሲጠራቀም የዘበኛ ደሞዝ ነው። «ጉዞው ይወደዳል» የሚሉ አስተባባሪዎች አሉ። ይወደዳል። 60 ሰው በአንዴ ማምጣትም ይቀራል፤ ለእነሱ ትልቁ ኪሳራ እሱ ነው። በዚህ ላይ ገና ብዙ ክርክር ይኖራል።

ክርክሩ ከተጀመረ ደግሞ አንድ ተግባራዊ ችግር አለ። የገበሬው ማኅበር ሊቀመንበር፣ ማኅተምና የባንክ ደብተር አለው። ከብዙዎቹ ሃይኪንግ ቡድኖች ወገን ግን ውል ሊፈርም የሚችል አካል የለም። ያለው የቴሌግራም ስምና የአንድ ልጅ ስልክ ቁጥር ነው። ልጁ ሥራ ከቀየረ ወይም ከሀገር ከወጣ ውሉም አብሮ ይሄዳል። ጅማ የሚመላለሱት ቡድኖች ንግድ ፈቃድም ይሁን ማኅበር፣ አንድ የሚጠየቅ ነገር ማቋቋም አለባቸው። ማመልከቻው የሚጻፈው በክረምት ነው፤ ያኔ ጉዞም የለም፣ ለቀማም የለም፣ ሁሉም ቤቱ ነው።